የቄጠማው ዳንቴል ክንፍ፦ ከቦርከና ዳር የሥራ ማስታወሻ

ነሐሴ፣ መነሻ

ሥራው ይሄ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ሀርቡ ስትወርዱ፣ ቦርከና ሜዳ ላይ እየተንቀራፈፈ ረግረግ የሚሠራበት ቦታ አለ። እዚያ ቄጠማው ውስጥ አንድ ደቃቅ ነፍሳት ይኖራል። ርዝመቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። በባዶ ዓይን የሣር ፍሬ ነው የሚመስለው። ማይክሮስኮፕ ሥር ሲገባ ግን ክንፉ በሙሉ ዳንቴል ነው። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚራባ አጣርቼ መጨረስ እፈልጋለሁ።

ቤተሰቡን ማወቅ ብዙ አያደክምም። ቲንጊዴ ነው፤ ዳንቴል ክንፍ የምለው ይህንን ቤተሰብ ነው። በዓለም ላይ ከ2,000 በላይ ዝርያ ያለው ቤተሰብ ነው። መርፌ በመሰለ አፋቸው ተክል ይወጉና ውስጡን ይመጥጣሉ። የሚከብደው ከቤተሰብ በታች ያለው ነው። ስለ ዳንቴል ክንፍ የሚጻፈው አብዛኛው ስለ ዛፍና ስለ ቁጥቋጦ ነው። ኬንያ ውስጥ ቡና ላይ ሃብሮኪላ የሚባል ወገን አለ። የወፍ ቆሎ የሚባለውን ቁጥቋጦ እንዲያዳክም ከሞቃቱ አሜሪካ ወደ ብዙ አገር የተወሰደ ቴሌኦኔሚያ ስክሩፑሎሳ የሚባልም አለ። እሱማ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ ውስጥ ሰሊጥ ላይ ወርዶ ሰዉን አስደንግጧል። እግሩ ውሃ ውስጥ ባለ ቄጠማ ላይ ለሚኖረው ግን ብዙ የሚያወራለት የለም።

መሣሪያ። ኑሮዬ ሞባይል ጥገና ነው። ቦርድ ላይ አይሲ ስነቅል የምጠቀምበት ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ አለኝ፤ ከ7 እስከ 45 እጥፍ ያጎላል፣ ካሜራም ይገጠምበታል። ማታ ደንበኛ ሲያልቅ ቄጠማ ይገባበታል። ወረንጦም፣ ምላጭም፣ አይሶፕሮፒል አልኮልም ሱቅ ውስጥ ሞልቷል። ስለዚህ የገዛሁት ጥቂት ነው፦ ቦት ጫማ 650 ብር፣ ነጭ የፕላስቲክ ትሪ 120 ብር፣ ስፒል አንድ ፓኬት 40 ብር። መረቡን ከአሮጌ አጎበርና ከወፍራም ሽቦ ሠራሁት።

ቦት ጫማው ቅንጦት አይደለም። በዚህ አካባቢ ውሃ ቢልሃርዚያ አለ። ውሃው ውስጥ ካለው ቀንድ አውጣ የሚወጣው እጭ በቆዳ ነው የሚገባው፤ ቁስል አይፈልግም። በሸበጥ ረግረግ የሚገባ ሰው ሳይ ያመኛል። አልቅቱም ሌላ ጉድ ነው።

ነሐሴ፣ አሰባሰብ

መረብ አይሆንም። ቄጠማው አናት ላይ መረቡን ወዲያና ወዲህ ሳወዛውዝ የሚገባው ዝንብ፣ ሸረሪት፣ ዘላይ ፌንጣ ነገር ብቻ ነው። ዳንቴል ክንፍ አልፎ አልፎ ነው የሚገኘው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዝቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ሁለተኛ፣ ተክሉ ሲነቃነቅ እግሩን ሰብስቦ ይወድቃል። ውሃ ላይ ከወደቀ በኋላ ከገለባው መለየት ዘበት ነው።

ቀጥሎ የሞከርኩት መምታት ነው። ትሪውን ከሥር ይዤ ግንዱን በዱላ መታ መታ አደረግኩት። ትንሽ ይሻላል። ግን ቄጠማው ጥቅጥቅ ስላለ ትሪው ሥሩ ድረስ አይገባም።

የሠራው ይሄኛው ነው። አንድ ጭብጥ ቄጠማ ከሥሩ፣ ጭቃው ጫፍ ላይ፣ በማጭድ ቆርጦ ወዲያው ፌስታል ውስጥ መክተት። ደረቅ መሬት ላይ ወጥቶ ትሪው ላይ አንድ በአንድ መገንጠል። ከዚያ ዝም ብሎ መቀመጥ። መጀመሪያ ምንም አይታይም፤ ቆሻሻና የዘር ፍሬ ብቻ ነው። ትንሽ ቆይቶ ከቆሻሻው መሃል አንዱ እግር ያወጣና መራመድ ይጀምራል። አይቸኩልም፣ አይዘልም፣ አይበርም። ጉሉኮስ ቱቦና የመድኃኒት ጠርሙስ አገናኝቼ በሠራሁት መምጠጫ ሳብ ማድረግ ነው። ቱቦው ጫፍ ላይ የአጎበር ቁራጭ ማሰር ግዴታ ነው፤ አለዚያ ነፍሳቱ አፍ ውስጥ ነው የሚገባው።

ቄጠማ የሚያጭዱ አንዲት እናት ከሩቅ ሲያዩኝ ቆይተው መጡ።

«አንተ ልጅ፣ አትገዛ፣ አታጭድ። ምን ጠፍቶህ ነው?»

«እማማ፣ ተባይ እየፈለግኩ ነው።»

«አብሽር፣ ተባይ ከሆነ የፈለግከው እኛ ቤት ሞልቷል፤ ና ውሰድ።»

ከሳቁ በኋላ ግን የነገሩኝ ነገር ከመረቡ በላይ ጠቀመኝ። ወንዙ ዳር ካለው ቄጠማ ውስጥ አንዳንዱ ቅጠሉ ነጭ ነጭ እያለ ይነጠባጠባል። ገበያ ላይ ገዢ አይወደውም፤ ያረጀ ይመስለዋል። እሳቸው እሱን እየዘለሉ ነው የሚያጭዱት። የት የት እንዳለ በእጃቸው አሳዩኝ። ዳንቴል ክንፍ ሲመጥ ቅጠሉ ላይ የሚተወው ምልክት እሱ ነው፦ አረንጓዴው ተመጥጦ የቀሩ ደቃቅ ነጭ ነጥቦች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትሪ ከማውጣቴ በፊት ነጥብ ነው የምፈልገው።

ነጥብ ያየ ሁሉ ግን ዳንቴል ክንፍ አላገኘም። ቀይ ሸረሪትም ያነጥባል፤ እሱ ድር ይተዋል። ትሪፕስ የሚባለው ደቃቅ ነፍሳትም ያነጥባል፤ ጥቁር እድፍም ይጨምራል። የኛው ድር የለውም። እድፉ ደግሞ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ጠብታው ደርቆ ቅጠሉ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። በጥፍር ሲፉቁት እንደ ቅርፊት ይነሳል።

ነሐሴ መጨረሻ፣ ማቆየት

አልኮል። ሱቅ ያለው አይሶፕሮፒል 99 በመቶ ነው። እንዳለ ሲጠቀሙበት ነፍሳቱ ይደርቅና አንቴናው በወረንጦ ሲነካ ይሰበራል። ሰባት እጅ አልኮል ከሦስት እጅ የተጣራ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ተስተካከለ። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ሳኒታይዘርም ሞክሬ ነበር። ጄሉ ክንፉ ላይ ይደርቅና ዳንቴሉን ይሸፍነዋል፤ አይረባም። ጓደኛዬ አረቄ አይሆንም ወይ አለኝ። አረቄው ለዚህ ይቀጥናል፤ ለእሱ ግን አይቀጥንም።

ማጣበቂያ። ነፍሳቱ በስፒል ለመወጋት በጣም ያንሳል። ስለዚህ ከወፍራም ወረቀት ጠባብ ሦስት ማዕዘን ይቆረጣል። ስፒሉ በሰፊው በኩል ይገባል፤ ነፍሳቱ ሹሉ ጫፍ ላይ በቀኝ ጎኑ ይጣበቃል። ሱፐር ግሉ ቅርብ ስለነበረ እሱን ቀባሁ። ሲደርቅ የሚያወጣው ነጭ ጭጋግ ክንፉ ላይ አረፈበት። ቦርድ ላይም ያንኑ ነው የሚያደርገው። ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም፣ 90 ብር፣ በጣም ትንሽ በስፒል ጫፍ ተነክሮ ሲቀባ ንጹሕ ሆነ።

ሣጥኑ የጫማ ካርቶን ነው፤ ታቹ ፎም፣ ጥጉ ላይ ናፍታሊን። ያለ ናፍታሊን ጉንዳን አንድ ሌሊት አይምርም።

መስከረም፣ መብራት

ማይክሮስኮፑ ላይ ያለው ክብ መብራት ለቦርድ ጥሩ ነው። ለክንፍ አይሆንም። ብርሃኑ ከላይ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ክንፉ ይነጣና የዳንቴሉ ዓይኖች ይጠፋሉ። አጥፍቼ አንድ ትንሽ ኤልኢዲ በጎን በኩል ዝቅ አድርጌ አስቀመጥኩ፤ ፊቱ ላይ ነጭ ሶፍት ወረቀት። አሁን የእያንዳንዱ ክፍል ጠርዝ ጥላ ጣለ። አልኮል ውስጥ እንዳለም ማየት አይቻልም፤ ፈሳሹ ክፍሎቹን ይሞላና ክንፉ ለስላሳ ቆዳ ይመስላል። ማውጣት፣ ሶፍት ላይ ማድረቅ፣ ከዚያ ማየት።

ዓይኖቹ ቀዳዳ አይደሉም። ስስ ብርሃን አሳላፊ ሽፋን አላቸው፤ ዙሪያቸው ወፍራም ጅማት ነው።

ልኬት። ማስመሪያ 45 እጥፍ ላይ አይረዳም። ከተጣለ ቦርድ 0402 በሚባል መጠን የሚሠራ ደቃቅ ካፓሲተር ነቅዬ ነፍሳቱ አጠገብ አስቀመጥኩ። እሱ ርዝመቱ 1 ሚሊ ሜትር፣ ወርዱ 0.5 ነው፤ ከአንዱ ካፓሲተር ወደ ሌላው ያለው ልዩነት በጣም ትንሽ ነው። ፎቶው ላይ ካፓሲተሩን እየቆጠሩ ነፍሳቱን መለካት ነው። ሴቷ 2.6፣ ወንዱ 2.3 አካባቢ መጣ። ፎቶውን ደግሞ ትኩረቱን ትንሽ ትንሽ እያወረድኩ ብዙ አነሳለሁ። ከዚያ ፒኮሌይ በሚባል ነፃ ፕሮግራም አንድ ላይ አጣምራቸዋለሁ። እግሩም ጀርባውም አንድ ፎቶ ላይ ጥርት ይላሉ።

መስከረም፣ ማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው። ዳንቴል የመሰለ ሁሉ ቲንጊዴ አይደለም። ፒየስማቲዴ የሚባል ቤተሰብ አለ፤ እሱም ጀርባው ጉድጓድ ጉድጓድ ነው፣ መጠኑም ተመሳሳይ ነው። ልዩነቱ ሁለት ቦታ ላይ ይታያል። ፒየስማቲዴ ከትልልቆቹ ዓይኖች በተጨማሪ ራሱ ላይ ሁለት ነጥብ የሚያህሉ ትንንሽ ዓይኖች አሉት። ክንፎቹ መነሻ መሃል ላይ ያለችው ሦስት ማዕዘንም ትታያለች። ቲንጊዴ ትንንሾቹ ዓይኖች የሉትም። የደረቱ ጋሻ ወደ ኋላ ሹል ሆኖ ተዘርግቶ ያቺን ሦስት ማዕዘን ይሸፍናታል። የኔው ትንንሽ ዓይን የለውም፤ ጋሻውም ተዘርግቷል። እዚህ ላይ ቲንጊዴነቱ ተዘጋ።

ዛፍ ላይ የሚገኙት ዳንቴል ክንፎች ሰፋፊ ናቸው። ከደረታቸው ጎን ሰፊ ጥልፍ ወደ ውጭ ይወጣል፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው ላይ የተነፋ ቆብ አላቸው። ይሄኛው ይህ ሁሉ የለውም። ጠባብና ረዘም ያለ ነው። የደረቱ ጎን ጥልፍ ሳይሆን ቀጭን ጠርዝ ብቻ ነው። የክንፉ የውጭ ጠርዝም እንዲሁ ጠባብ ነው። የክንፉ ክፍሎች ትንንሽና ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው። አንቴናው አጭር፣ ባለ አራት ክፍል፤ ሦስተኛው ከሁሉም ይረዝማል፣ አራተኛው ወፈር ብሎ ጥቁር ነው። ጋሻው ከፊት በኩል ጠቆር ይላል፤ ክንፉ የደረቀ ገለባ ቀለም ነው።

ይህ ሁሉ ተደምሮ የሚወስደው ወደ አግራማ ነው። አግራማ፣ ስቲቨንስ የተባለ እንግሊዛዊ በ1829 እ.ኤ.አ. የሰየመው ወገን ነው። አውሮፓም፣ እስያም፣ አፍሪካም ውስጥ አለ። አባላቱ የሚታወቁት ደግሞ ቄጠማና መሰል የረግረግ ተክሎች ላይ በመኖር ነው። መልኩና መኖሪያው እዚህ ላይ ተገጣጠሙ።

ዝርያውን ግን አልሰይምም። በዚህ ወገን ውስጥ ዝርያ ከዝርያ የሚለየው በጥቃቅን ነገር ነው፤ በሙዚየም ካለ ናሙና ጋር ጎን ለጎን መታየት አለበት። ፎቶ አይቶ «እከሌ ነው» የሚል ሰው አላምንም። ወረቀቱ ላይ «አግራማ፣ ዝርያው ያልተለየ» ብዬ እጽፋለሁ።

እንቁጣጣሽ ሰሞን፣ የተላጨው ሜዳ

ለበዓል ቄጠማ ይወደዳል። ጎዝጉዞ የሌለበት ቤት የለም። በዓሉ ሲደርስ የምከታተለው ቦታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ታጭዶ አገኘሁት። የቀረው አንድ ጣት የሚያህል ቁራጭ ነው። ምልክት ያሰርኩባቸው ግንዶችም አብረው ሄደዋል፤ ምናልባት አንድ ሰው ቤት ቡና ተፈልቶባቸዋል።

ግን ዝም ብዬ አልተመለስኩም። ቁራጩን ከሥሩ ነቅዬ ትሪ ላይ ገነጠልኩት። ነፍሳቱ አሉ! ቅጠሉ ግንዱን አቅፎ በሚወጣበት ስንጥቅ ውስጥ፣ ከውሃው ትንሽ ከፍ ብለው ተሸጉጠዋል። ማጭዱ ከእነሱ በላይ ነው ያለፈው።

ይህን ለማረጋገጥ ገበያ ወጥቼ አንድ እስር ቄጠማ በ30 ብር ገዛሁ። ሻጯ «ነጭ ወረቀት ላይ ልታራግፈው ነው?» ብላ ሳቀችብኝ፤ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። እስሩን ለሁለት ቆረጥኩት። ከላይኛው ግማሽ ምንም አልወጣም። ከታችኛው ጫፍ፣ ዝቅ ተደርጎ ከታጨደው ጥቂት ግንድ ውስጥ፣ አንድ ሁለት ወጣ። እንግዲህ ቤታችን ወለል ላይ ቢመጣም በጣም አልፎ አልፎ ነው። ቢመጣም ሰው አይነክስም፣ እህል አይነካም። ቄጠማው ሲደርቅ እሱም ያልቅለታል።

ጥቅምት፣ ተክሉ

ነፍሳቱን ከያዙ ተክሉን መያዝ ግድ ነው። ቄጠማ ስንል ብዙ ነገር አንድ ላይ ነው የምንጠራው። ቦርከና ዳር አንድ ክንድ ውስጥ አራት ዓይነት አለ።

ቀላሉ ዘዴ ግንዱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ማንከባለል ነው። የቄጠማ ወገን የሆነው አይንከባለልም፤ ሦስት ጠርዝ አለውና ቆም ቆም ይላል። በምላጭ ስትቆርጡት አፉ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ውስጡ ነጭና ስፖንጅ ነው። ቅጠሎቹም በሦስት አቅጣጫ ነው የሚወጡት። ሣር ግን ክብ ነው፣ አንጓ አለው፣ በአንጓና በአንጓ መሃል ውስጡ ባዶ ነው። ፊላ ደግሞ ቅጠሉ ጠፍጣፋ፣ አበባው ቡናማ ዱላ ነው፤ ማንም አይስተውም። ነጭ ነጥብና የሚያብረቀርቅ እድፍ ያገኘሁት ባለ ሦስት ጠርዙ ላይ ብቻ ነው። ከዚያም ውስጥ ሥሩ ውሃ በማይለየው ላይ ይበዛል።

ነፍሳት ተክል ላይ ተገኘ ማለት ይበላዋል ማለት አይደለም። ነፋስ ሊያመጣው ይችላል፣ ሊያርፍ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሃይላንድ ፕላስቲኮች ቆርጬ አንዱ ውስጥ ባለ ሦስት ጠርዙን፣ አንዱ ውስጥ ሰርዶ፣ አንዱ ውስጥ የፊላ ቡቃያ ከነሥራቸው ተከልኩ። በየአንዳንዱ ጥቂት ጎልማሳ ነፍሳት ጨምሬ አፉን በአጎበር አሰርኩ። በማግስቱ ቄጠማው ላይ ጥቁር ጠብታ ተቀምጧል። ሰርዶውና ፊላው ላይ ምንም የለም፤ ነፍሳቱ ተክሉን ትተው አጎበሩ ላይ ይዞራሉ። ሰንበት ብሎ እነዚያ ሞቱ፤ ቄጠማው ላይ ያሉት ቀጠሉ።

ጥቅምት፣ ማሳደግ

የተቆረጠ ግንድ ውሃ ውስጥ ቆሞ አያዛልቅም፤ ይቢጫል፣ ነፍሳቱም ይተዉታል። ከነሥሩ የተተከለው ነው የሚሆነው። ጭቃውንም አጥቦ መትከል ያስፈልጋል። አንዱ ሃይላንድ ውስጥ ከጭቃው ጋር ደቃቅ ሸረሪት ገብቶ ኒምፎቹን፣ ማለትም ገና ያልጎለመሱትን ልጆች፣ አንድ በአንድ ጨረሳቸው። ያስነቃኝ ቅርፊታቸው ነው፤ ተመጥጦ ባዶ ሆኖ ተንጠልጥሏል።

እንቁላሉ ውጭ አይታይም። እናቲቱ ተክሉ ሥጋ ውስጥ ነው የምትሰካው፤ የሚታየው ክዳኑ ብቻ ነው። ያቀፈውን ቅጠል በምላጭ ሰንጥቄ 45 እጥፍ ላይ ሳየው ረዘም ያለ ፈዛዛ እንቁላል ውስጥ ተኝቷል፤ አናቱ ከተክሉ ቆዳ ጋር እኩል ነው። ሁሉም የነበሩት ከታች በኩል ነው።

ኒምፉ ዳንቴል የለውም። ጠቆር ያለ፣ ክንፍ የሌለው፣ ዘገምተኛ ነው። ዳንቴል ክንፎች አምስት ጊዜ ቆዳ ጥለው ነው ጎልማሳ የሚሆኑት። የኋለኞቹ ደረጃዎች ላይ ጎናቸው ላይ የክንፍ እምቡጥ ይታያል። የተጣለው ቆዳ ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። እኔም ሜዳ ላይ መራባት አለ የለም ለማለት አሁን የምፈልገው እሱን ነው። ጎልማሳው ከሌላ ቦታ ሊመጣ ይችላል፤ የተጣለ ቆዳ ግን እዚያው ያደገ ነው።

የቀኑ ውሎ። ጠዋት ጤዛ እያለ ሁሉም ሥር ናቸው። ፀሐይ ሲበረታ አንዳንዱ ጎልማሳ ወደ ላይ፣ እስከ ፍሬው ድረስ ይወጣል። ኒምፎቹ ግን ታች ናቸው። ነፋስ ሲነሳ ሁሉም ይወርዳል። ናሙና የሚፈልግ ሰው ከረፋዱ በኋላ ባይለፋ ይሻለዋል፤ በጠዋት አንድ ቦታ ተሰብስበው ይገኛሉ።

ኅዳር

ሃይላንዱ ውስጥ ከተወለዱት ኒምፎች አንዱ የመጨረሻ ቆዳውን ጣለ። ሲወጣ ነጭ ነው፤ ዳንቴሉ አለ፣ ቀለም የለም። በማግስቱ ጋሻው ጠቁሮ ክንፉ ገለባ ቀለም ያዘ። ሜዳ ላይ ከያዝኳቸው ጋር ጎን ለጎን አየሁት፦ ጠባቡ ጠርዝ፣ አንቴናው፣ ርዝመቱ፤ አንድ ናቸው። ያ ቄጠማ መዋያው ብቻ ሳይሆን መራቢያው መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

የተጣበቁትን ናሙናዎች ቦታ፣ ቀን፣ ተክልና ሰብሳቢ ጽፌ ሣጥን አስገባሁ። ተክሉንም በጋዜጣ መሃል አድርቄ ከእነሱ ጋር በአንድ ቁጥር አስሬዋለሁ። ያለ ተክሉ ነፍሳቱ ግማሽ መረጃ ነው። አራት ኪሎ የሚገኘው የእንስሳት ሙዚየም ለሚሄድ ሰው ጥቂቱን ከአልኮል ጋር እሰጣለሁ፤ የዝርያው ነገር እዚያ ባለው ሰው ዓይን ይታይ።

እስከ አሁን የወጣው ከትራንስፖርት ጋር ከ1,500 ብር ትንሽ ያልፋል። ከሁሉም በላይ የበላው ቦት ጫማው ነው።

ቀጣዩ ደሴ ነው። እዚያ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ብርዱም ሌላ ነው። ቦሩ ሜዳ ላይ ውሃ በሚተኛበት ባለ ሦስት ጠርዙን ካገኘሁ ይሄው ነፍሳት እዚያም ይወጣ እንደሆነ አያለሁ። ማጭድ፣ ፌስታልና ትሪ ይበቃሉ። መረቡን አልወስድም።